ስለ ኪንታሮትና ስለ ሀገር መድኃኒቱ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በጤና ኮሚቴው የተነበበ ንግግር)



ይህን ንግግር እንድናዘጋጅ በታዘዝን ጊዜ ርእሱን መርጠን ለእድሩ ጸሐፊ ብንነግራቸው መጀመሪያ ሣቁ። ቀጥለውም ብዕራቸውን አስቀምጠው «እንዴ፣ ይሄንን በአጀንዳ ላይ እንዴት ብዬ ልጻፈው?» አሉን። በእጃችሁ ባለው ወረቀት ላይ በተራ ቁጥር 4 «ልዩ ልዩ የጤና ጉዳይ» ተብሎ የተጻፈው በዚህ ምክንያት ነው። ልዩ ልዩ አይደለም፤ አንድ ነው። ኪንታሮት ነው።

አሁንም ከኋላ ወንበር ሣቅ ይሰማናል። ይሣቅ፣ ግድ የለም። ነገር ግን ከሚሥቁት መካከል ትራስ ይዞ የመጣ ሰው እንዳለ ከፊት ለተቀመጥነው በደንብ ይታየናል።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። በመርካቶ እንደዚህ በሽታ የሚደበቅ የለም። ሰው ጉንፋን ሲይዘው ለመንደሩ ሁሉ ያወራል፤ ጨጓራውን ሲያመው ጎረቤት ተልባ በጥብጦ ይመጣለታል፤ ደም ግፊት ያለበት ኪኒኑን ከኪሱ እያወጣ ለሰው ያሳያል። ኪንታሮት የያዘው ግን ለሚስቱ እንኳ አይነግርም፤ «ወገቤን ነው» ይላል። ሚስትም እንደዚሁ ናት፤ በተለይ ከወሊድ በኋላ የጀመራት እናት ዓመት ሁለት ዓመት ችላው ትኖራለች። ደብቆ ደግሞ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ሲመሽ ጋቢውን ተከናንቦ መድኃኒት ፍለጋ ይወጣል። ዛሬ የምንነጋገረው በምሽት ስለሚፈለገው ስለዚሁ መድኃኒት ነው።

እኛ የኮሚቴው አባሎች ሐኪሞች አይደለንም። አምስት ነን፤ አንዳችን ጡረታ የወጡ ድሬሰር፣ አንዳችን ልብስ ሰፊ፣ ሁለታችን ነጋዴዎች፣ አንዳችን ደግሞ በበርበሬ በረንዳ ብዙ ዘመን የሠሩ እናት ነን። ከአምስታችን ሦስታችን ይህን በሽታ በገዛ ገላችን እናውቀዋለን። የትኞቹ ሦስት እንደሆንን አንናገርም።

መጀመሪያ ስለ ስሙ። በአማርኛችን ኪንታሮት የሚለው ቃል ለሁለት የተለያዩ ነገሮች ያገለግላል። አንዱ በእጅና በእግር ቆዳ ላይ እንደ ቡቃያ የሚወጣው ነው፤ እሱ ከቫይረስ የሚመጣ የቆዳ በሽታ ነው። ሁለተኛው የመቀመጫው ነው። ሁለቱ በስም እንጂ በሥጋ አይገናኙም። ስሙ አንድ በመሆኑ ግን ብዙ ሰው ተጎድቷል። የእጁን ኪንታሮት በቁልቋል ወተት እያቃጠለ ያጠፋ ሰው የመቀመጫውንም በዚያው መንገድ ለማጥፋት ይሞክራልና። (በመቀመጫ አካባቢም የእጁ ዓይነት ኪንታሮት የሚወጣበት ጊዜ አለ፤ እሱ ራሱን የቻለ ሌላ በሽታ ስለሆነ ሐኪም አይቶ ይለየው።)

የመቀመጫው ኪንታሮት ምንድን ነው ቢባል፣ ያበጠ የደም ሥር ነው። ማንም ሰው ሲፈጠር በፊንጢጣው ውስጥ በደም ሥር የተሞላ ለስላሳ ትራስ አለው። ትራሱ ሥራ አለው፤ በሩ በደንብ እንዲገጥም ይረዳል። በሽታ የሚሆነው ትራሱ ከመጠን በላይ ሲያብጥና ከቦታው ወደ ታች ሲንሸራተት ነው። ወደ ውስጥ ያለው ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ ይደማል። ደሙ ደማቅ ቀይ ነው፤ ከሰገራው በኋላ ይንጠባጠባል። እየቆየ ሲሄድ በማማጥ ጊዜ ብቅ ብሎ ራሱ ይመለሳል፤ ቀጥሎ በጣት ካልተገፋ አይመለስም፤ በመጨረሻም ጭራሹን ወጥቶ ይቀራል። ሐኪሞች አራት ደረጃ አድርገው የሚቆጥሩት ይህን ነው። በውጭ በኩል ያለው ደግሞ ደም ረግቶበት በድንገት እንደ ወይን ፍሬ ሰማያዊ ሆኖ ሲያብጥ ሰውየው መቀመጥም መቆምም ያቅተዋል።

እንግዲህ ልብ በሉ። ይህ ነገር ተክል አይደለም፤ ሥር የለውም። በየመንገዱ «ኪንታሮትን ከነሥሩ እንነቅላለን» የሚል ማስታወቂያ ታያላችሁ። የሚነቀል ሥር የሌለውን ምኑን ነው የሚነቅሉት? የሚነቀለው የሰውየው የገዛ ሥጋ ነው። ይህን በኋላ እናብራራዋለን።

ይህ በሽታ በእኛ ሰፈር ለምን በዛ? ብዙ መመራመር አያስፈልግም፤ ከአንዋር መስጊድ እስከ አውቶቡስ ተራ ባለው መንገድ ላይ ግማሽ ቀን መቆም ይበቃል። ነጋዴው ከጧት እስከ ማታ በዱካ ላይ ተቀምጧል። ሸማ ተራ ያለው እንደዚሁ ነው፤ ልብስ ሰፊው ከመኪናው ጋር ተሰፍቷል። ኩሊው ደግሞ መቀመጥ አያውቅም፤ ነገር ግን አንድ ኩንታል በጀርባው ጭኖ ትንፋሹን ይዞ ሲነሣ ያ ሁሉ ጫና ወደ ታች ይወርዳል። ከባድ ነገር ማንሣትና በሽንት ቤት ማማጥ ለዚያ ለታችኛው የደም ሥር አንድ ዓይነት ናቸው።

ከሁሉም የሚብሰው ግን የመጸዳጃው ጉዳይ ነው። ይህን ስንናገር ማንም አይፈር፤ ሁላችንም የምንኖርበት ነው። በግቢያችን አንድ የጋራ ሽንት ቤት ለስንት ቤተ ሰብ ነው? ጧት ጧት ጣሳ ይዞ ወረፋ ነው። በሱቁ አካባቢ ያለው ደግሞ ቁልፉ አንድ ሰው ዘንድ ነው፤ እሱ ከሌለ የለም። ሴቶች እኅቶቻችን በቀን ቢመጣባቸውም ይዘውት ይውላሉ፤ እንዳይመጣባቸውም ውሃ አይጠጡም። ሰገራ ሲያዝ ውሃው ወደ አካል ተመልሶ ይጠጣና ይደርቃል፤ ሲደርቅ ማማጥ ይመጣል፤ ማማጥ ኪንታሮትን ያመጣል። ከአምስታችን አንዷ «እኔ ሠላሳ ዓመት በርበሬ ስሸጥ በቀን ሽንት ቤት የሄድኩበት ቀን በጣት ይቆጠራል» ብለውናል። ታዲያ በርበሬው ነው ያሳመማቸው ወይስ ሽንት ቤቱ? በርበሬ ኪንታሮትን አይፈጥርም። የቆሰለውን ያቃጥላል እንጂ ስሙ በከንቱ ጠፍቷል።

የምግባችንም ነገር አለ። የጤፍ እንጀራ፣ ቆሎ፣ ሽሮና ጎመን የበላ ሰው ሆዱ አይደርቅም። አሁን አሁን ግን በምሳ ሰዓት ሱቅ ሳይዘጋ የሚበላው ነጭ ዳቦና ፓስታ ነው። ጫትንም መዝለል አንችልም፤ ከመካከላችን ቅር የሚለው እንዳለ እያወቅን ነው። ቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን ሆድ ያደርቃል፤ ከዚያ ላይ አራትና አምስት ሰዓት መቀመጥ አለ። በየመን በሐኪሞች ተጠንቶ በ2000 እ.ኤ.አ. የታተመ ጽሑፍ ኪንታሮት ከማይቅሙት ይልቅ በቃሚዎቹ ላይ እጅግ በዝቶ መገኘቱን አስታውቋል። የፈለገ ይተው፤ ያልፈለገም ቢሆን ውሃ እየጠጣ በየመካከሉ ይነሣ።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ።

ይህን ንግግር ለማዘጋጀት ሦስታችን በአንድ ቅዳሜ የቅመምና የሥር መድኃኒት ወደሚሸጥበት ወደ ራሳችን ገበያ ወጣን። ዘመናችንን ሁሉ በአጠገቡ ያለፍንበት ነው፤ ቆመን ስንጠይቅ ግን የመጀመሪያ ጊዜያችን ነበር። መሬት ላይ ጆንያ ዘርግተው ጤና አዳም፣ ዳማከሴ፣ ቀበርቾ፣ ጥቁር አዝሙድ፣ ፌጦ ደርድረው ወደ ተቀመጡ አንዲት አሮጊት ጠጋ ብለን፣

«እማማ፣ ለኪንታሮት የሚሆን ነገር አለዎት?» አልናቸው።

ቀና ብለው ሦስታችንንም በየተራ አዩንና «ለማንኛችሁ ነው?» አሉ። ዝም አልን።

«የሚደማው ነው ወይስ የሚያሳክከው?»

«የሚደማው።»

«ልጄ፣ ለሚደማ ሰው እኔ አልሸጥም። ሐኪም ዘንድ ሂድ። ሆድህ ደርቆብህ ከሆነ ግን ተልባ ግዛ፤ ተልባ ማንንም ገድሎ አያውቅም» አሉን።

እኛ ሦስት ትልልቅ ሰዎች ከዚህ የተሻለ ምክር የሰጠን ሰው እስከ ዛሬ አላጋጠመንም።

ጥቂት አለፍ ብለን ሌላ ሰው ዘንድ ደረስን። ይህኛው በትንሽ ጠርሙስ ጥቁር ቅባት ይሸጣል። ከምን እንደተሠራ ብንጠይቀው «ስሙ ከተነገረ አይሠራም» አለን። የጥንቱ አባባል ነው፤ የመድኃኒት ስሙ ከተጠራ ኃይሉ ይጠፋል ይባል ነበር። እኛ ግን በስንት ቀን ይሠራል አልነው። «በሦስት ቀን ተቆርጦ ይወድቃል» አለ። ጡረተኛው ድሬሰራችን ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ለምን እንደተለወጠ እንነግራችኋለን።

በሦስት ቀን ሥጋ ቆርጦ የሚጥል ነገር የሚያቃጥል ነገር ነው፤ ሌላ ምሥጢር የለውም። የቁልቋል ወተት ዓይን ውስጥ ቢገባ እስከ ማሳወር እንደሚደርስ የገጠር ልጅ ሁሉ ያውቃል። የብሳና ጭማቂም ለጭርት ይቀባል እንጂ ለስስ ገላ አይሆንም። እነዚህንና የመሳሰሉትን በመቀመጫ ላይ ሲያደርጉ ያበጠው ብቻ አይቃጠልም፤ ዙሪያው ያለው ጤነኛ ሥጋም ይቃጠላል። ቁስሉ ሲድን ጠባሳ ይሆናል፤ ጠባሳ ደግሞ ይሰበሰባል፤ በሩ ይጠብባል። ድሬሰራችን በሥራ ዘመናቸው እንዲህ የሆኑ ሰዎችን አይተዋል፤ አንዱ ሰገራው እንደ እርሳስ ቀጥኖ በግድ የሚወጣለት ሆኖ ነበር። በሌላው ደግሞ የመያዣው ጡንቻ ተበላሽቶ ጭራሹን መያዝ ያቅተዋል። ቁስሉ አመርቅዞ ወደ ደም የገባ እንደሆነ ሰውም ይሞታል። ኪንታሮት ግን ራሱ ሰውን ብዙውን ጊዜ አይገድልም። በገዳዩ መድኃኒት የማይገድለውን በሽታ ማከም ማለት ይህ ነው።

ይህን ስንል የሀገራችንን መድኃኒት የምንንቅ እንዳይመስላችሁ። ቅጠል ሁሉ ቀልድ ነው የሚሉትን አንቀበልም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ በወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው ነው ያንን ትልቅ ነገር ያገኙት። እንዶድ ቢልሃርዝያን የሚያስተላልፈውን ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም አስረዱ፤ በ1989 እ.ኤ.አ. «አማራጭ ኖቤል» የሚባለውን ሽልማት ከባልደረባቸው ከዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ጋር ተቀበሉ። እኚሁ ሰው ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ሆነው በ19 የኢትዮጵያ ገበያዎች የሚሸጡትን የመድኃኒት ዕፅዋት አጥንተው በ1978 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ላይ አሳትመዋል። የተማረ ሰው ጆንያ ዘርግተው የተቀመጡትን እናቶች ንቆ አላለፈም፤ ቁጭ ብሎ ጠየቃቸው። ግን ያው እንዶድ ሰው ቢጠጣው ይመርዛል። ቅጠሉ እውነተኛ ኃይል ስላለው ነው መጠንቀቅ የሚያስፈልገው። ኃይል የሌለው ነገርማ አይጠቅምም አይጎዳም።

ታዲያ የሚጠቅመው የትኛው ነው? አንደኛ እማማ ያሉት ተልባ ነው። ተልባ ውሃ ሲነካው እንደሚላላ ሁላችሁም ታውቃላችሁ፤ ያ ልጋጉ በአንጀት ውስጥ ውሃ ይዞ ሰገራውን ያለሰልሰዋል። ቆላ አድርጎ፣ ወቅጦ፣ ነፍቶ፣ በአንድ ብርጭቆ ውሃ በጥብጦ ጧትና ማታ መጠጣት ነው፤ ማር ቢጨመርበት ይጣፍጣል እንጂ ግዴታ አይደለም። ያጠፋችሁ እንዳይሆን አንድ ነገር እንጨምር፤ ተልባ ያለ በቂ ውሃ ከተወሰደ ራሱ ያደርቃል። በቀን ስምንት ብርጭቆ ያህል ውሃ ካልጠጣችሁ ተልባውንም ተዉት። አብሽም ተዘፍዝፎ ሲጠጣ ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል። ፌጦም ሲዘፈዘፍ ልጋግ ያወጣል፤ ግን የሚያቃጥል ስለሆነ ለቆሰለ ሰው አንመክረውም።

ይህ የእናቶች ወሬ ብቻ አይደለም። በ2005 እ.ኤ.አ. ሐኪሞች 378 ሕሙማን የተካፈሉባቸውን 7 ጥናቶች አንድ ላይ አድርገው ሲመረምሩ፣ ገለባነት ያለው ምግብና ሰገራን የሚያለሰልስ ፍሬ የወሰዱት ኪንታሮተኞች የመድማታቸው ነገር በግማሽ ያህል ቀንሶ ተገኝቷል። በዚህ ነገር ከእማማ ጋር ተስማምተዋል ማለት ነው። የሚሠራው ግን በአንድ ሌሊት አይደለም፤ እስከ ስድስት ሳምንት መታገሥ ያስፈልጋል። የመርካቶ ሰው ደግሞ ስድስት ሳምንት አይታገሥም፤ በሦስት ቀን የሚጥለውን ይፈልጋል። ችግሩ ከዚህ ላይ ነው።

ሁለተኛው እሬት ነው። እሬት ውስጥ ሁለት ነገር አለ፤ ሰው ያቀላቅለዋል። ቅጠሉ ሲቆረጥ ከቆዳው ሥር መጀመሪያ የሚንጠባጠበው ቢጫው መራራ ውሃ ጠንካራ የሚያስቀምጥ መድኃኒት ነው፤ ሆድ ይቆርጣል፤ ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም። እሱ ተንጠባጥቦ ካለቀና ቅጠሉ ከታጠበ በኋላ በመካከሉ የሚገኘው ጥርት ያለው ልጥልጥ ነገር ነው የሚያቀዘቅዘው። ይህ በውጭ በኩል ለሚያሳክክና ለሚያቃጥል ቢቀባ ያበርዳል፤ ኪንታሮቱን ያጠፋል ግን አንልም። ክፍት ቁስል ላይ፣ ወይም ወደ ውስጥ ማስገባት አይገባም።

ሰናመኪን በተመለከተ፣ ስሙ «የመካ ሰና» ከሚለው ከዐረብኛው የመጣ ነው፤ የዓለም ሐኪሞችም ይጠቀሙበታል። ለሁለት ለሦስት ቀን ሆድ ቢደርቅ ይጠቅማል። በየቀኑ የለመደው ሰው ግን አንጀቱ ያለ እሱ መሥራት ይሳነዋል፤ ተቅማጡም በተራው የታመመውን ቦታ ይፍቀዋል። ኮሶም እንዲሁ። ኮሶ ለኮሶ ትል ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ አውሮፓ ፋርማሲዎች ድረስ ተወስዶ ያገለገለ መድኃኒት ነው። ለኪንታሮት ብሎ የሚጠጣው ግን ቤት ለማጽዳት ጎርፍ እንደሚያስገባ ሰው ነው።

ከሁሉም በላይ ያገኘነው፣ ከምንም ቅጠል የሚሻለው ደግሞ ሳፋ ነው። አዎን፣ ልብስ የሚታጠብበት ሳፋ። ንጹሕ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርጎ አሥር አሥራ አምስት ደቂቃ መቀመጥ፤ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ በተለይም ከሽንት ቤት በኋላ። ጡንቻው ይላላል፤ ሕመሙ ይቀንሳል። ጨው ማድረግ ግዴታ አይደለም። ውሃው የሚያቃጥል አይሁን፤ አንድ ሰው ከመካከላችን ትኩስ ውሃ ይሻላል ብሎ ሁለት በሽታ ይዞ ተነሥቷል። ከዚህ ሌላ ሲመጣባችሁ አትያዙት፤ ስትቀመጡም አትቆዩ፤ ስልክ ይዞ ሽንት ቤት የሚገባውን ልጃችሁን ስልኩን ተቀበሉት። ወረፋ ያለውም ይጠቀማል።

አሁን ይህን ርእስ ለምን እንደመረጥን እንናገራለን።

ከዓመት በፊት ድንኳን የተከልንላቸውን ወንድማችንን ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። ስማቸውን አንጠራም፤ ይህን የምንናገረው ግን ባለቤታቸው ፈቅደው፣ እንዲያውም «ተናገሩ» ብለውን ነው። በወጣትነታቸው ኩሊ ነበሩ፤ በኋላ የራሳቸውን ሱቅ ከፈቱ። ሁለት ዓመት ሙሉ ደማቸው። ለእኛ ለጓደኞቻቸው «ኪንታሮት ነው» ብለው በሹክሹክታ ነገሩን። እኛስ ምን አልናቸው? አንዳችን «ተልባ ጠጣ» አልን። ሌላችን የአንድ መድኃኒት አዋቂ ቤት አመለከትን። አንዳችንም «ታየው ወይ?» ብለን አልጠየቅንም። ተልባውን ጠጡ፤ ቅባቱንም ተቀቡ፤ ደሙ ቀነሰ መሰለ፤ ተመለሰ። ከዚያ ከሱ ጀመሩ። ሱሪያቸው ሲሰፋ «ሐሳብ ነው፤ የዘንድሮ ንግድ ማንን ያወፍራል» አልን። ፊታቸው ሲገረጣ የጾም ነው አልን። በመጨረሻ ሆዳቸው ተነፍቶ ሐኪም ቤት ሲገቡ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ ወደ ጉበት አልፎ ነበር። አራት ወር አልቆዩም።

ኪንታሮት ወደ ካንሰር አይለወጥም፤ ይህን እንዳትሳሳቱ። ግን ሁለቱም ይደማሉ። ሁለቱን በዓይን መለየት ሐኪምም አይችልም፤ በጣት ካልዳሰሰ፣ በመሣሪያ ካላየ። አሜባና ቢልሃርዝያም በሰገራ ላይ ደም ያመጣሉ። በጣም የሚያምመውና እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሚቆርጠው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ኪንታሮት ሳይሆን የፊንጢጣ ስንጥቅ ነው። መግል የሚወጣውም ፊስቱላ ሊሆን ይችላል። እኛ ሁሉንም ኪንታሮት ብለን አንድ ጠርሙስ ቅባት እንገዛለን።

ስለዚህ ደሙ ጠቆር ያለ ወይም ከሰገራው ጋር የተቀላቀለ ከሆነ፣ የሽንት ቤት ልማድ ያለ ምክንያት ከተለወጠ፣ ሰውነት ከከሳ፣ ድካምና የልብ ምት ከመጣ፣ ከቤተ ሰብ የአንጀት ካንሰር የነበረበት ካለ፣ ዕድሜም ከ45 ካለፈና መድማት አዲስ ከሆነ፣ ተልባ እየጠጡ መጠበቅ የለም። ነፍሰ ጡር የሆነችም ማንኛውንም ቅጠል ከመውሰዷ በፊት ትጠይቅ። ከፋርማሲ የሚገዛውም ቅባት ቢሆን ስቴሮይድ ያለበት ከአንድ ሳምንት በላይ አይቀባም፤ ቆዳ ያሳሳል።

ሐኪም ቤት ምን ይደረጋል ብላችሁ የምትፈሩ አላችሁ። በጎን ያስተኛችኋል፤ ጓንት አድርጎ በጣቱ ይዳስሳል፤ በትንሽ ቱቦ ያያል። ያሳፍራል እንጂ ብዙ አያምም፤ ጥቂት ደቂቃ ነው። ኪንታሮት ሆኖ ከተገኘና በምግብ ካልተሻለው ሁሉም ለቢላ አይቀርብም፤ ከ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም የተስፋፋ ዘዴ አለ፤ በትንሽ ላስቲክ ያበጠውን ሥሩ ላይ ያንቁታል፤ ደም ያጣና በሳምንት ገደማ ውስጥ ወድቆ ይቀራል። እንግዲህ ያ የጠርሙስ ባለቤት «ተቆርጦ ይወድቃል» ያለው ነገር እውነትም አለ፤ ግን በሚያይ ሰው እጅ፣ ሳይቃጠል። ኦፕሬሽን የሚያስፈልገው በመጨረሻው ደረጃ ላይ ለደረሰው ነው። የጤና መድን ካርድ ያለው ከጤና ጣቢያው ይጀምር፤ እነሱ ይመሩታል።

ወደ ወንድማችን እንመለስ። በሞቱ ጊዜ ጡሩምባ ተነፋ፤ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ወጣ፤ ሦስት ቀን ተቀመጥን፤ ለቀብር የሚከፈለው ገንዘብ በሰዓቱ ለባለቤታቸው ተሰጠ። ደንባችን በደንብ ሠራ። ባለቤታቸው ግን ከአርባቸው በኋላ አንድ ነገር ጠየቁን፤ «ያን ጊዜ ለመመርመሪያ የሚሆን ገንዘብ አጥሮን ነበር የዘገየነው፤ እድሩ ያበድረን ነበር ወይ?» አሉ። መልሳችን «አያበድርም» ነበር። ደንባችን ለሞተ እንጂ ለታመመ ገንዘብ እንዲወጣ የሚፈቅድ አንቀጽ የለውም። ገንዘብ ያዣችን ይህን ሲነግሯቸው አንገታቸውን ደፍተው ነበር።

ስለዚህ ኮሚቴው ለጉባዔው የሚያቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከወር መዋጮው ላይ ጥቂት እየተነሣ የሕክምና መመርመሪያ ብድር የሚሰጥበት ሣጥን ይቋቋም፤ ተበዳሪው በዓመት ውስጥ በየወሩ እየከፈለ ይመልስ፤ በሽታው ምን እንደሆነ ለገንዘብ ያዡና ለድሬሰሩ ካልሆነ ለማንም አይነገር። መጠኑን ጉባዔው ይወስን። እኛ ቁጥር አላስቀመጥንም፤ ባለፈው ዓመት በድንኳኑ ጥገና ላይ እንዴት እንደተጨቃጨቅን እናስታውሳለን።

እስከዚያው ድረስ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ መዋጮ ከተከፈለ በኋላ ድሬሰራችን በእድሩ ቤት ጓዳ ውስጥ ይቀመጣሉ። ለሴቶች ደግሞ የበርበሬ በረንዳዋ እናታችን ይኖራሉ። መድኃኒት አይሰጡም፤ ሰምተው ወዴት እንደሚኬድ ይናገራሉ። በሩ ላይ «ልዩ ልዩ የጤና ጉዳይ» ተብሎ ይለጠፋል፤ ጸሐፊያችን በዚህ በኩል አሸንፈውናል።

አሁን ሊቀ መንበሩ ሐሳቡን ለድምፅ ያቅርቡልን። የሚደግፍ እጁን ያውጣ። ትራስ ይዘው የመጡት ወንድማችን እንደ ተቀመጡ ቢያወጡም ይቆጠርላቸዋል።